ሃይሉክስ ላይ ትልቅ ጎማ ካስገባሁ በኋላ ዳገት አቃታት፤ ሞተር ልቀይር ወይስ ዲፈረንሻል?

የሸዋሮቢቱ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ሃይሉክስ ኤልኤን106 ናት፤ ደብል ጋቢና፣ 3ኤል ዲዝል፣ ቱርቦ የላትም። ያቺ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስልና ባሌስትራ ያላት አሮጌዋ ሞዴል። ሥራዬ የውሃ ፓምፕና ሶላር መግጠም ነው፤ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከአስፋልት ውጭ ነኝ። መርሐቤቴ፣ ጅሩ፣ ታች ደግሞ እስከ አፋር። ዕቃውም ሠራተኛውም ተጭኖባት ነው የምትሄደው።

ክረምት ላይ ዋልካው ውስጥ ሆዷ መሬት እየነካ ስላማረረኝ ጎማውን ከ205አር16 ወደ 285/75አር16 ቀየርኩት። ከፍ አለች፣ ጭቃውንም ትረግጠዋለች። እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን ከዚያ ወዲህ ሌላ መኪና ሆነችብኝ። ከሸዋሮቢት ወደ ጣርማበር ስወጣ ድሮ በ3ኛ የምገፋውን አሁን በ2ኛ ነው የምንፏቀቀው። 5ኛ ማርሽ ቁልቁለት ካልሆነ መኖሩንም ረስቼዋለሁ። ድንጋይ ላይ ቀስ ብዬ ልውጣ ስል ፍሪሲዮን እያንሸራተትኩ ነው፤ ሽታው ጋቢና ድረስ ይገባል።

እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ነዳጅ ለቅቄ መልሼ ስሰጥ ከሥር «ጓ!» ይላል። ፎር ዊል አስገብቼ መሪውን ጥግ ድረስ ስጠመዝዝ ደግሞ ከፊት በቀኝ በኩል «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» የሚል ነገር አለ። በዚያው ጎማ የውስጥ ፊት ላይ ጥቁር ቀጭን ቅባት ተረጭቷል።

የጠየቅኳቸው ሁሉ የሚሉኝ የተለያየ ነው። አንድ ጋራዥ «ሞተሯ ደክማለች፣ 1ኬዜድ ቱርቦ እንግጠምልህ» አለኝ። ሌላው ካምቢዮው ይቀየር አለ። አንዱ ደግሞ የኋላውን ዲፈረንሻል በይደን ሁለቱም ጎማ እኩል እንዲዞር እናድርግልህ፣ ከዚያ ወዲያ ጭቃ አይይዝህም ባይ ነው። ገንዘቡ አንዴ ነው የሚወጣው፤ ከየት ልጀምር? ሞተሯ ጭስ የላትም፣ ዘይት አትበላም፣ ጠዋትም በአንድ ቁልፍ ነው የምትነሳው።

ጋሽ መፍቻ

ሞተሯን ተዋት። ጭስ የሌላት፣ ዘይት የማትበላ፣ በአንድ ቁልፍ የምትነሳ 3ኤል አውርዶ ሌላ ሞተር መስቀል ለጋራዡ ሥራ ነው፣ ለአንተ ግን ጥቅሙ አይታየኝም።

ስሌቱን እንየው። 205አር16 ቁመቱ 74 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። 285/75አር16 ደግሞ 83 ከምናምን። 13 በመቶ ያህል ጨምረሃል ማለት ነው። ጎማው አንዴ ሲዞር መኪናዋ ያን ያህል ራቅ ትላለች፣ የሚያዞረው ሞተር ግን ያው ነው። እያንዳንዱ ማርሽህ ፈጠነ፣ ጉልበቱ ግን ወረደ። በዚህ ላይ ከፍታውን ጨምርበት። 3ኤል አዲስ ወጥታ ባሕር ዳርቻ ላይ እንኳ 90 ፈረስ ጉልበት ገደማ ናት። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ያገኘውን ነው የሚስበው። እንግዲህ ድሮውንም ጉልበት አንሷት እዚያ የምትደርስ መኪና ላይ ትልቅ ጎማ ሰቅለህ ካምቢዮው ነው፣ ሞተሩ ነው ይሉሃል። የፍጥነት መለኪያህም ከዚያ ወዲህ እየዋሸህ ነው፤ 80 ሲል 90 ነው የምትነዳው። ትራፊክ ፖሊስ ይህን አይሰማህም።

መቀየር የሚያስፈልግህ ዲፈረንሻሉ ውስጥ (አክስሉ መሀል ላይ ሆኖ የሻፍቱን ዙር ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) ያሉት ሁለት ጥርሶች፣ ትልቁ ኮሮናና እሱን የሚያዞረው ትንሹ ፒኞን ናቸው። መጀመሪያ አሁን ያለህን እወቅ። ሳይፈታ ማወቅ ይቻላል፤ ከፊት ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አድርግ፣ የኋላውን ሁለቱንም በክሪክ አንሳ፣ ከሥሩም ጠንካራ መቆሚያ አስገባ እንጂ ክሪኩን ብቻ አምነህ እንዳትገባ። ካምቢዮው ባዶ ይሁን፣ እጅ ፍሬን ይለቀቅ። ሻፍቱ ላይ በኖራ ምልክት አድርግና ሁለቱ ጎማዎች እኩል 10 ዙር እስኪዞሩ ሻፍቱ ስንት ዙር እንደዞረ ቁጠር። 41 ከሆነ 4.10 ነው፣ 43 ከሆነ 4.30፣ 45 ተኩል ገደማ ከሆነ ደግሞ 4.56። አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሮጥ አንድ ሰው ይያዝልህ፣ አለበለዚያ ቁጥሩ ይበላሻል።

4.30 ከሆነ በ13 በመቶ ስታሳድገው 4.86 ይመጣል። ለዚህ የሚሠራው ጥርስ 4.88 የሚባለው ነው፤ ኮሮናው 39 ጥርስ፣ ፒኞኑ 8። ልክክ ይላል። መኪናዋ በትንሹ ጎማ ጊዜ ወደነበረችው ትመለሳለች፣ የፍጥነት መለኪያው የሚንቀሳቀሰው ከትራንስፈሩ (ከካምቢዮው ኋላ ሆኖ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ከሚያካፍለው ሳጥን) ስለሆነ እሱም አብሮ ይስተካከላል። 4.10 ከሆነ ግን 4.56 ይበቃሃል።

ደግሞ ልብ በል፤ የኋላውን ቀይረህ የፊቱን እንዳትተው። የዚች መኪና ፎር ዊል መሀል ላይ ዲፈረንሻል የለውም፣ ከፊትና ከኋላ ያሉት ሻፍቶች በትራንስፈሩ በኩል የተቆላለፉ ናቸው። ቁጥሩ ከተለያየ አንዱ ሌላውን ይጎትታል፣ ደረቅ መሬት ላይ አንድ ነገር ሳይሰበር አይቆምም። «ለጊዜው የኋላውን» የሚል መካኒክ ካጋጠመህ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ።

ግን ይህ ሁሉ ሁለተኛ ነው። «ጓ» የሚለውንና «ቀጭ» የሚለውን ሳታክም አዲስ ጥርስ ብታስገባ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ከሥር ግባና ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናዋ ማርሽ ውስጥ ሆና፣ ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ ሻፍቱን በእጅህ ግራ ቀኝ አዙረው። ክሮቼራው (ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው የመስቀል መጋጠሚያ) ውስጥ ክፍተት ካለ ዐይንህ ያየዋል። ከዚያ ዲፈረንሻሉ አፍ ላይ ያለውን ፍላንጅ ይዘህ ወደ ላይ ወደ ታች ነቅንቀው። ትንሽ መዞር ያለ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ከሄደ ግን የፒኞኑ ኩሽኔታ አልቋል። ውጤቱን እዚህ ጻፍልን።

ዲዝል በነፍስ

አቦ ጋሼ ያከብዱታል 😀 እኔ ብሆን 1ኬዜድ ነው የምሰቅለው፣ ቱርቦ ነው፣ ጣርማበርን በ4ኛ ትወጣዋለህ። የኋላውን ዲፈረንሻል ደግሞ በይደው፣ አንድ ቀን ሥራ ነው፣ ዋጋውም የአንድ ሳምንት ናፍጣ ቢሆን ነው። እኛ ሰፈር አሸዋና ድንጋይ የሚጭኑት ሁሉ የተበየደ ነው የሚነዱት፣ ማንም አልሞተም። ገንዘብ ያለው ሎከር (ሲፈለግ ብቻ ሁለቱን ጎማ የሚቆልፈውን) ይግዛ፣ የሌለው ይበይዳል። አለቀ።

የጎፋዋ

ዲዝል በነፍስ፣ የአንተ ሰፈር መኪኖች ከድንጋይ ካባው ወደ ግንባታው እየተመላለሱ ከሆነ ትክክል ልትሆን ትችላለህ። ጠያቂው ግን ከሸዋሮቢት ደብረ ብርሃን አስፋልት የሚመላለስ ሰው ነው። የተበየደ ዲፈረንሻል ኩርባ ላይ የውስጡንና የውጩን ጎማ እኩል ላዙር ይላል፤ ርቀታቸው ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ አንዱ መንሸራተት አለበት። ደረቅ ሲሆን ጎማ ይበላል፣ የጎማውን አክስል ይጠመዝዛል። ዝናብ ሲሆን ደግሞ የኋላዋ ሳታስበው ይወጣል። የጣርማበርን ኩርባ በጭጋግና በካፊያ የሚያውቅ ሰው ይህን ምክር አይሰጥም።

እኔ ቱሪስት ይዤ ወደ ኦሞ ነው የምመላለሰው፣ ያው ሃይሉክስ፣ ያው 3ኤል። እኛ ጋ ችግሩ ውሃ ነው። ማንም ያላነሳው ርካሽ ነገር ልንገርህ፤ የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ አይተኸው ታውቃለህ? አክስሉ ላይ በላይኛው ፊት ያለች ትንሽ ክዳን ናት። ጭቃ ከደፈናት ውስጡ ሲሞቅ አየሩ መውጫ ያጣና ዘይቱን በኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይፈስ በሚይዘው የጎማ ቀለበት) በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። የጎማህ ውስጥ ፊት ላይ ያለው ቅባት አንዱ መነሻው ይህ ሊሆን ይችላል። ክፍት ሆና እንኳ የጋለ አክስል ይዘህ ወንዝ ስትገባ ድንገት ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ውሃ ይስባል። ከዚያ ዘይትህ ማኪያቶ ይመስላል። መፍትሔው የነዳጅ ጎማ ቱቦ ገዝቶ መተንፈሻውን እስከ ሞተር ክፍሉ ላይኛው ጥግ ማውጣት ነው፣ የፊቱንም የኋላውንም፣ ከተቻለ የካምቢዮውንና የትራንስፈሩንም። ጫፉ ላይ ትንሽ የናፍጣ ፊልትሮ አድርግበት። ከሁሉም ማሻሻያ በፊት ይህን ነው የማደርገው።

ስለ 1ኬዜድ ደግሞ፣ ጉልበቷን አልክድም። ከፍታ ላይ ቱርቦ ቱርቦ ነው። ግን የራሷን ካምቢዮ ትፈልጋለች፣ ማቀፊያው ይቀየራል፣ ራዲያተሩ ይቀየራል፣ 1ኬዜድ-ቲኢ የሚለውን ካመጡልህ የናፍጣ ፓምፑ በኮምፒውተር ነው። ሙቀት ካለፈባትም ቴስታታዋ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) እንደሚሰነጠቅ የታወቀ ነው። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር ማስቀየሩንም አትርሳ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ደግሞ አሮጌው ዲፈረንሻልና አሮጌው ክሮቼራ ነው ያን ጉልበት የሚሸከመው።

አሸዋ ላይ ነኝ

ከሻርጃ ነው የምጽፈው። ስለ ዕቃው ልጨምር፤ እዚህ ኢንዱስትሪያል አካባቢ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡት ጋ ስለምውል።

የዚች ሞዴል ደስ የሚለው ነገር (እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 የወጣችው ማለቴ ነው) የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ሁለቱም ባለ 8 ኢንች ናቸው። ሁለቱም ከአክስሉ አፍ ላይ ሙሉ ሆነው ይወጣሉ፤ ኮሮናው፣ ፒኞኑና ኩሽኔታው በአንድ ማቀፊያ ውስጥ ሆነው። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው አዲስ 4.88 ጥርስ ከነኩሽኔታው ገዝቶ በባለሙያ ማስገጠም። ሌላው ተገጥሞና ተስተካክሎ ያለ ሙሉ ዲፈረንሻል ሁለት ፈልጎ ማውረድና መስቀል ብቻ። ሁለተኛው ርካሽ ነው፣ ግን 4.88 እንደ 4.10 በየሱቁ የተከመረ አይደለም፣ መጠበቅ አለብህ። ሶማሌ ተራም ብትገባ መጀመሪያ ጥርሱን ቁጠር፤ ሻጩ «ያው ነው ወንድሜ» የሚለውን ቁጥር አትመን፣ ለሱ ሁሉም ያው ነው።

ያገለገለ ስትገዛ በእጅህ ቀስ ብለህ አዙረው። የሚቆጠቁጥ ነገር ካለ ተወው። የጥርሱን ፊት በባትሪ እየው፤ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለበት፣ ጫፉ የላሰ፣ ሰማያዊ የሆነ ከሆነ በነጻም አትውሰድ። ኮሮናና ፒኞን አብረው ተፈጭተው የሚወጡ ጥንድ ናቸው፤ ኮሮናውን ከአንዱ ፒኞኑን ከሌላው አምጥተው ያጋቡት አጋጥሞኛል፣ አስፋልት ላይ ከ60 በላይ ሲሄድ እንደ ሳይረን ይጮኻል።

ሎከር የምታስብ ከሆነ ጥርሱ ሲቀየር አብሮ ነው የሚገባው። ዲፈረንሻሉ አንዴ ስለሚፈታ የእጅ ዋጋውን ሁለት ጊዜ አትከፍልም። በአየር የሚሠራው፣ ኤአርቢና መሰሎቹ፣ ስትፈልግ በማብሪያ ታስገባዋለህ፣ አስፋልት ላይ ታወጣዋለህ፤ መበየዱ የሚሰጥህን ሁሉ ይሰጥሃል፣ የሚያመጣብህን አያመጣብህም። ግን መጭመቂያ አለው፣ ቱቦ አለው፣ ሽቦ አለው፣ ዋጋም አለው። ለአንተ ሥራ የኋላው ብቻ ይበቃል። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ብዙ ሰው ሎከር የሚፈልገው ጎማውን ስለማያስተነፍስ ነው። አፋር አሸዋ ውስጥ በአስፋልት ንፋስ እየነዳህ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አውርድ፤ 18 ፒኤስአይ አካባቢ አድርገህ ሞክር፣ ጭነቱ ከባድ ከሆነ ትንሽ ከፍ አድርገው። ስትወጣ መሙያ ግን ይዘህ ሂድ።

የሸዋሮቢቱ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ጋሽ መፍቻ፣ እርስዎንም፣ እህቴ የጎፋዋ አንቺንም። ዛሬ ከረዳቴ ጋር ከሥር ገብተን የተባለውን አደረግን።

43 ነው የቆጠርነው፣ ማለት 4.30። ክሮቼራው በኋላ በኩል ያለው በግልጽ ይላወሳል፤ አንዱ ኩባያ ዝጎ ቀይ ዱቄት አውጥቷል። የፒኞኑን ፍላንጅ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቅኩት፣ ንቅንቅ አላለም። ሲዞር ግን ትንሽ ይዞራል። መተንፈሻው ደግሞ በጭቃ ተደፍኖ እንደ ሲሚንቶ ነበር፣ በሽቦ ፈለፈልኩት። የኋላው ዘይት ጥቁር ነው እንጂ ማኪያቶ አይደለም 😀

የፊቱን ቀኝ አላወቅኩበትም። ጎማውን በክሪክ አንስቼ ከላይና ከታች ይዤ ስነቀንቀው ይላወሳል። ጥያቄዬ፣ ሲቪ ጆይንቱ (መሪ ሲታጠፍም የፊቱን ጎማ የሚያዞረው ባለ ኳስ መጋጠሚያ) ነው የሚቀየረው? አንዱ ኦይል ሲሉን ብቻ እቀይርልሃለሁ ብሎኛል። እና ሻፍቱን ሲያወጡ ክሮቼራውን ራሴ ልቀይረው እችላለሁ? ከፊት ብሎኖቹ ብቻ ናቸው የሚመስሉት።

ጋሽ መፍቻ

የፒኞንህ ኩሽኔታ ደህና መሆኑ ጥሩ ዜና ነው። «ጓ» የሚለው ባብዛኛው ክሮቼራው ነው። ራስህ ልትቀይረው ትችላለህ፣ ግን ሁለት ነገር። ከመፍታትህ በፊት ፍላንጁና ሻፍቱ ላይ በቡሊን ምልክት አድርግ፣ በዚያው እንዲመለስ። ሌላው፣ ሻፍቱ መሀል ላይ የሚንሸራተት መጋጠሚያ አለው፤ ካላቀቅከው ስትመልስ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ሹካዎች አንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። አንድ ጥርስ ካሳትክ አዲስ ክሮቼራ ገጥመህም መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ጎማ ባላንስ አሠራ ይልሃል። መንሸራተቻውን ጠርገህ ግራሶ ምታው። እሱ ሲደርቅ ራሱ ከቆመችበት ስትነሳ «ጓ» ያሰኛል። የሻፍትህ መሀል ላይ በጎማ የታቀፈ ድጋፍ ኩሽኔታ ካለም ጎማው እንዳልተቀደደ እየው። ክሮቼራው ግራሶ መምቻ ቀዳዳ ያለው ይሁን፤ ከጭቃና ከውሃ ስትወጣ ሁሌ ትመታዋለህ።

አሁን ወደ ፊቱ። ሲሉን ብቻ እቀይራለሁ ያለህን ሰው ተወው። ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። መሪው ሲታጠፍ ሙሉው የጎማ መያዣ የሚዞረው ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ትንንሽ ኩሽኔታዎች ላይ ነው። እነሱ ሲያልቁ የጎማ መያዣው ትንሽ ይወርዳል። ሲወርድ በውስጡ ያለፈው አክስል ከመሀል ይወጣና የውስጠኛውን ኦይል ሲል በአንድ ጎን ይፍቀዋል። ያኔ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ጎማው ይፈስሳል፣ ሲቪ ጆይንቱ የተቀባበትን ግራሶ ያጥበዋል፣ ተቀላቅሎ እንደ ሾርባ ሆኖ በውጩ ሲል በኩል ይወጣል። አንተ ጎማው ላይ ያየኸው እሱ ነው። ግራሶው ታጥቦ የወጣበት ሲቪ ጆይንት ደግሞ ኳሶቹ የሚሮጡበትን መንገድ ይበላል፣ ከዚያ «ቀጭ ቀጭ» ይጀምራል። ስለዚህ ሲሉን ብቻ ቀይረህ ኩሽኔታውን ብትተወው በሁለት ወር እዚያው ነህ።

ተሟልቶ መሠራት ያለበት ሁለቱም ጎን ነው። የላይና የታች ኩሽኔታ፣ የውስጥ ኦይል ሲል፣ ከኋላ በክብ የሚታሰረው የጎማና የፌልት ሲል፣ የጎማው ኩሽኔታዎች። በአንድ ካርቶን ተሟልቶ የሚሸጥ አለ። ሲቪ ጆይንቱን ሲያወጡት በጋዝ አሳጥባቸውና በብርሃን እየው፤ ማቀፊያው ከተሰነጠቀ ወይ ኳሱ የተቀመጠበት ቦይ ላይ ጣትህ የሚሰማው ጉድጓድ ካለ አዲስ ግዛ። መላወስ ብቻ ከሆነ ግን የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ ማለዋወጥ ይቻላል። ወደፊት ሲገፋ የሚጫነው የቦዩ ጎን ስለሚቀየር ያልተበላው ፊት ይሠራልሃል። ገንዘብ እስክታገኝ ጥሩ ያቆይሃል።

የመሪውን ክንድ ሲፈቱ ከብሎኖቹ ሥር ሾጣጣ የሆኑ ቀለበቶች አሉ፤ በነሐስ በትር ጎኑን መታ መታ ሲያደርጉት ይዘላሉ እንጂ በመፈልፈያ አይወጡም። ከላይና ከታች ያሉት ቀጫጭን ሽሞች ከየት እንደወጡ ይጻፍ። የጎማው ኩሽኔታ ዳዶ ደግሞ 54 ሚሊሜትር ነው። 54 መፍቻ የሌለው ጋራዥ በመዶሻና በመሮ ይመታዋል፣ ከዚያ ኩሽኔታው ምን ያህል እንደጠበቀ የሚያውቅ የለም። ገብተህ መጀመሪያ «54 አላችሁ?» በል። መልሳቸው ብዙ ነገር ይነግርሃል። ሲቪ ጆይንቱ ውስጥ ሞሊብዲነም ያለበት ጥቁር ግራሶ ይግባ፣ በደንብ ይሞላ።

አነዳዱንም ላስተካክልህ። በትልቅ ጎማ፣ መሪ ጥግ ድረስ ተጠምዝዞ፣ ፎር ሎው (የፎር ዊሉ ከባድ ማርሽ) ውስጥ፣ ነዳጅ መርገጥ፤ ሲቪ ጆይንት የሚሰበረው እንዲህ ነው። መሪውን ትንሽ መልስ፣ ከዚያ ርገጥ።

ዲዝል በነፍስ

እሺ ጋሼ ብየዳውን ትቻለሁ 😀 ግን አንድ ነገር፣ ጥርስ ከመቀየር ትራንስፈሩን መቀየር አይሻልም? ፎር ሎውን የሚያወርዱ ጥርሶች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ሁለት ዲፈረንሻል ከመፍታት አንድ ትራንስፈር።

አሸዋ ላይ ነኝ

አለ፣ 4.70 የሚባለው። የኦርጅናሉ ፎር ሎው 2.28 ነው። 1ኛ ማርሹን 3.9 ገደማ ብትለው አሁን ያለው ጠቅላላ 3.9 በ2.28 በ4.30፣ 38 ይሆናል። 4.88 ቢገባ 43 ይሆናል። ዲፈረንሻሉ በ4.30 እንዳለ በ4.70 ትራንስፈር ግን 79 ገደማ ይደርሳል፣ ድንጋይ ላይ ፍሪሲዮን ሳትነካ እንደ ኤሊ ትወጣለህ። ለድንጋይ ከሆነ የእሱን ያህል የሚያስደስት ነገር የለም። ግን የሚሠራው ፎር ሎው ውስጥ ብቻ ነው። ልጁ የተቸገረው ጣርማበር ላይ ነው፣ አስፋልት ላይ፣ በ2ኛ ማርሽ። እዚያ ትራንስፈሩ ምንም አይረዳውም። ለሱ መጀመሪያ ዲፈረንሻል።

የጎፋዋ

እኔም በዚህ እስማማለሁ። ደግሞ ማንም ያላነሳው ፍሬን አለ። ትልቅ ጎማ መኪናዋን ለማቆምም ይከብዳል፣ ፍሬኑ ግን ድሮ የነበረው ነው። 4.88 ሲገባ በሞተር መያዙም አብሮ ይመለሳል፤ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ፣ ወይ አባይ በረሃን ስትወርድ፣ ያን ጊዜ ነው ጥቅሙ የሚገባህ። ፍሪሲዮኑንም ጥርሱ ከተቀየረ በኋላ ፈትሸው። እጅ ፍሬን ይዘህ 4ኛ አስገብተህ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ስትለቅ ወዲያው ከጠፋች ደህና ነው፤ ሞተሩ እየዞረ ከቀጠለ አልቋል። ፍሪሲዮኑ ከተቀየረ ደግሞ ቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት የሞተሩ ክብ ብረት) ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላግ።

የሸዋሮቢቱ

ወሰንኩ። በዚህ ወር የፊቱ ሙሉ እድሳት፣ ክሮቼራውና መተንፈሻው። ከዚያ 4.88 ሁለቱንም። ሎከሩ ይቆየኝ። አንድ የመጨረሻ፤ ጥርሱን የሚገጥመው ሰው እንደሚችል በምን አውቃለሁ? ዘይቱስ?

ጋሽ መፍቻ

ሦስት ነገር ጠይቀው። በኮሮናውና በፒኞኑ መካከል ያለውን ክፍተት በምን ትለካለህ በለው። ሰዓት መሳዩን መለኪያ ካላሳየህና «በእጄ አውቀዋለሁ» ካለህ አመስግነህ ሂድ። የዚህ ዲፈረንሻል ልክ ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊሜትር ነው፤ ይህን እጅ አያውቀውም። ቀጥሎ ጥርሱን ቀለም ቀብቶ አዙሮ የንክኪውን ምልክት እንዲያሳይህ ጠይቅ፤ ምልክቱ የጥርሱ መሀል ላይ እንጂ ጫፉ ወይ ሥሩ ላይ መሆን የለበትም። ሌላው፣ የፒኞኑ መጨመቂያ ቀለበት አዲስ ይሁን። አሮጌውን መልሶ የሚያስገባ ከሆነ ኩሽኔታው መላላቱ አይቀርም።

ዘይቱ ለዲፈረንሻል ጂኤል-5 የሚል 80ደብሊው-90 ወይም 90። ካምቢዮው ላይ እኔ ጂኤል-4 ነው የማስገባው፣ የማርሽ መግቢያ ነሐሶቹን አይጎዳም። ዘይት ስትቀይር ደግሞ ሁሌ መሙያውን ብሎን ቀድመህ ክፈት። ማፍሰሻውን ከፍተህ ባዶ ካደረግካት በኋላ መሙያው አልፈታ ካለ እዚያው ቆማ ነው የምታድረው።

አዲስ ጥርስ ሲገባ መጀመሪያ ባዶዋን፣ ቀስ ብለህ፣ 20 ደቂቃ ያህል ንዳት። አቁማት፣ እስክትቀዘቅዝ ጠብቅ። እንደገና። እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ፓምፕ አትጫንባት፣ አትጎትትባት። ከዚያ ዘይቱን ድፋው። ማፍሰሻው ብሎን ማግኔት ካለው ላዩ ላይ የተለጠፈው ጥቁር ዱቄት ያለ ነው። እንደ ሚስማር ስባሪ ያለ ነገር ከተገኘ ግን መኪናዋን አታንቀሳቅስ፣ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልን።